ዳሌዬን ያስቀየርኩበት ጥናት

ሁለት ዓመት ሙሉ ያስታመምኩት ጉልበቴን ነበር። ቅባት ቀባሁት፣ በፋሻ አሰርኩት፣ አንዲት ዘመዴ ከአዲስ አበባ በላከችልኝ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ማታ ማታ አሸሁት። የሄድኩበት ጤና ጣቢያም ጉልበቴን ብቻ ራጅ አንሥቶ፣ ለዕድሜዬ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነግሮ ሸኘኝ። ሕመሙ ከብሽሽቴ ተነሥቶ በታፋዬ ፊት ለፊት እየወረደ ጉልበቴ ላይ እንደሚያርፍ፣ ከመኪና ስወርድና ካልሲ ሳጠልቅ እንደሚብስብኝ ለማንም በሥርዓቱ አልተናገርኩም ነበር፤ የሚያመኝን ቦታ እንዳሳይ ስጠየቅ እጄ የሚሄደው ወደ ጉልበቴ ነው። በመጨረሻ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በጀርባዬ አስተኝታኝ ጉልበቴን ስታጥፍና ስትዘረጋ ምንም አላለኝም፤ እግሬን አጥፋ ታፋዬን ወደ ውስጥ ስታዞረው ግን ጮህኩ። በዚያው ሳምንት የተነሣሁት የዳሌ ራጅ በግራ ዳሌዬ ኳስና ኳሱ በሚገባበት ጎድጓዳ አጥንት መካከል መታየት የነበረበት ክፍተት ጠፍቶ፣ አጥንት ከአጥንት ጋር መገናኘቱን አሳየ። ዳሌንና ጉልበትን የሚያገለግሉት ነርቮች በከፊል የጋራ ስለሆኑ የዳሌ በሽታ ጉልበት ላይ ሊሰማ እንደሚችል የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ጀምሮ የሚተው ሰው ቢኖር እንኳ ይህችን አንድ ነገር ይዞ ይሂድ፦ ጉልበታችሁን እያመማችሁ የጉልበት ራጅ ምንም ካላሳየ፣ ዳሌያችሁም እንዲመረመር ጠይቁ።

የምኖረው በስዊድን፣ በጎተንበርግ ከተማ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በአረጋውያን ቤት ለቤት እንክብካቤ ሠርቻለሁ፤ ዳሌዬ በተቀየረበት በእ.ኤ.አ. 2021 ዕድሜዬ 61 ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ስለ ሕመሙና ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚደውሉልኝ የአገሬ ሰዎች መብዛት ብቻ አይደለም። ዳሌዬ የተተካው በምርምር ውስጥ ተመዝግቤ ነው፤ ይህን የሰማ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝም «ሞከሩብሽ ማለት ነው?» ብሎ ነው። ይኸው ጥያቄ እኔንም ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶኝ ስለነበር መልሱን ከመነሻው ብናገር ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በስዊድን ራጅ ተነሥቶ መገጣጠሚያው የተሸረሸረ ሰው ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና አይላክም። ከ2008 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተስፋፋ፣ ሰዎች የአርትሮስ (የመገጣጠሚያ መሸርሸር) ትምህርት ቤት የሚሉት መርሐ ግብር አለ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስለ በሽታው ታስተምራለች፣ ከዚያም ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት ያህል በሳምንት ሁለት ቀን በባለሙያ ፊት እንቅስቃሴ ይሠራል። ስጀምር የቀዶ ሕክምና ወረፋ ማስረዘሚያ ብልሃት መስሎኝ ነበር። ለብዙዎች ግን በእርግጥ ይበቃቸዋል፤ አብራኝ የተማረች አንዲት ኤርትራዊት ጉልበቷ ተሽሎ እስከ ዛሬ ያለ ቀዶ ሕክምና ትራመዳለች። እኛ ሪህም ቁርጥማትም እያልን በአንድ ላይ የምንጠራው ይህ የልም አጥንት መሸርሸር እንቅስቃሴ የሚያባብሰው ሳይሆን በልኩ ሲሆን የሚያስታግሰው መሆኑን መቀበል፣ «ያመመህን አሳርፈው» ተብሎ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም። እኔ ስምንቱን ሳምንት ጨርሼም ሌሊት መተኛት ስላቃተኝ ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪም ተላክሁ። ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ሐኪም ማየት፣ ከውሳኔ በኋላም በ90 ቀን ውስጥ ሕክምና ማግኘት እንዳለብኝ ይደነግጋል፤ ዘመኑ ግን የኮሮና ስለነበር ወረፋው ከዚያ አለፈ።

ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናውን ካስረዳችኝ በኋላ ሌላም የምትነግረኝ ነገር እንዳላት ገለጸች። ስዊድንኛ እችላለሁ፤ የሕክምና ቃል ሲበዛብኝ ግን አስተርጓሚ እጠይቃለሁ፤ አገልግሎቱም ክፍያ የለውም። አስተርጓሚው በስልክ ነበር። በዚህ አገር ልማድ ሐኪሙም ታማሚውም እርስ በርስ «አንተ»፣ «አንቺ» ስለሚባባል እሷ «አንቺ» ትለኛለች፣ እሱ ደግሞ እንዳደገበት «እርስዎ» እያለ ይተረጉማል፤ በዚህ ፈገግ እያልኩ ሳለ «ሙከራ ሊያደርጉብዎት ፈቃድዎን ይጠይቃሉ» አለኝ። ፈገግታዬ ጠፋ። ሐኪሟ የተናገረችው ቃል ጥናት ማለት ነበር፤ ስዊድንኛውን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን በገዛ ቋንቋዬ የሰማሁት «ሙከራ» እና በተለይ ያቺ «ብዎት» የምትል ቅጥያ ልቤ ውስጥ ገባች። በአማርኛ «አደረጉብኝ» እና «አደረጉልኝ» መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። የፈቃድ ቅጹን ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ። ሐኪሟም አላስቸኮለችኝም፤ እንዲያውም ቤት ወስጄ እንዳነበው የነገረችኝ ራሷ ናት። ይህንን እንደ መጀመሪያ መለኪያ ውሰዱት፤ ፈርማችሁ ካልሆነ አትወጡም የሚላችሁ ካለ አትፈርሙ።

ቅጹ ስድስት ገጽ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ነርስ አብራኝ ተቀምጣ በየመስመሩ አነበብነው። ጥናቱ የሚያነጻጽረው ሁለት ዓይነት የዳሌ ጽዋ ውስጠኛ ፕላስቲክ ነበር። ነገሩን ለመረዳት ሰው ሠራሽ ዳሌ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በታፋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ የሚቀመጥ ኳስ፣ በዳሌ አጥንት ላይ የሚተከል ጽዋና ኳሱ የሚሽከረከርበት ፕላስቲክ ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ታሪክ ያለው ፕላስቲኩ ነው። ጆን ቻርንሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በራይቲንግተን ሆስፒታል በመጀመሪያ የተጠቀመው ቴፍሎን ሲሆን፣ እሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበልቶ ብዙ ታማሚዎችን ለዳግም ቀዶ ሕክምና ዳረገ። ቻርንሊ የቴፍሎንና ፖሊኢታይሊን የተባለ የሌላ ፕላስቲክ ቁራጮችን በገዛ ታፋው ሥር ቀብሮ ሰውነቱ የትኛውን እንደሚቃወም ተመለከተ፤ ቴፍሎኑ ሲያብጥበት ሌላው ዝም አለ። ከኅዳር 1962 ጀምሮ በፖሊኢታይሊን መሥራት የጀመረው ዳሌ ዛሬ ለሚሠሩት ሁሉ አባት ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ ያ «ብኝ» ትንሽ ቀለለኝ፤ ሰውየው በራሱም ላይ ሞክሯል።

ፖሊኢታይሊንም ቢሆን ያልቃል። ኳሱ በየእርምጃው ሲያሸው በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣዋል፤ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ያንን ብናኝ ሊውጡ ሲሞክሩ የሚያስነሡት ብግነት በዙሪያው ያለውን አጥንት ያሟሟል፣ በዓመታት ውስጥም ጽዋው ይላላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፕላስቲኩን በጨረር ማጠንከር ተጀመረ፤ የመበላቱ ፍጥነትም እጅግ ቀነሰ። ሆኖም ጨረሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ከጊዜ በኋላ ሊያዝገው የሚችል ነገር ትቶ ስለሚያልፍ፣ ይህንን ለመከላከል ቫይታሚን ኢ የተቀላቀለበት ዓይነት ወጣ። እንግዲህ በእኔ ጥናት ግማሻችን በጨረር የጠነከረው ብቻ፣ ግማሻችን ቫይታሚን ኢ የተጨመረበት ይደርሰናል፤ ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚወስነው ሐኪሙም ታማሚውም ሳይሆን ዕጣ ነው። ሁለቱም በወቅቱ ፈቃድ አግኝተው በየሆስፒታሉ የሚሠራባቸው ነበሩ። ይህን ነጥብ ስረዳ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፤ በጥናቱ ባልገባም ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ይገባልኝ ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ የሚመርጠው በሆስፒታሉ የግዢ ውል ወይም በሐኪሙ ልማድ መሆኑ ነው።

ዕጣ ለምን እንዳስፈለገ ነርሷ እንዲህ አስረዳችኝ። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ፣ ሳያስበው እንኳ ለጠንካሮቹ አንዱን፣ ለደካሞቹ ሌላውን ሊሰጥ ይችላል፤ በኋላ ጠንካሮቹ ቢሻላቸው የፕላስቲኩ ነው ወይስ የሰዎቹ መለየት አይቻልም። እኛስ ብንሆን ርስት ስንካፈል ዕጣ የምንጥለው ማንም ለራሱ እንዳያዳላ አይደል?

ጥናቱ ከሌሎቹ የሚለይበት ደግሞ መለኪያው ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በዳሌዬ አጥንት ውስጥና በፕላስቲኩ ላይ ታንታለም ከተባለ ብረት የተሠሩ፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቃቅን ኳሶች ተቀምጠዋል። ታንታለም ሰውነት የማይቃወመው፣ በራጅ ላይ ግን ቦግ ብሎ የሚታይ ብረት ነው። ከዚያ በየተወሰነው ጊዜ ሁለት የራጅ መሣሪያዎች ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ቅጽበት ያነሡኛል፤ ኮምፒውተሩም የእነዚያን ፍሬዎች ርቀት አስልቶ ጽዋው ከአጥንቱ፣ ኳሱም ከፕላስቲኩ አንጻር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ልክ ይናገራል። ዘዴውን ያዳበረው በዚሁ አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዮራን ሴልቪክ ሲሆን ጽሑፉን ያቀረበው በ1974 ነው። ተራ ራጅ ጽዋ መላላቱን የሚያሳየው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ይህ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አዝማሚያውን ይጠቁማል። ስለዚህ ሺዎችን ሳይሆን ጥቂት ሰዎችን ብቻ መመዝገብ ይበቃል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚያሳየው ምሳሌ የተገኘው በዚሁ በጎተንበርግ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቦንሎክ የተባለ አዲስ የአጥንት ሲሚንቶ፣ ማለትም ሰው ሠራሹን ዳሌ ከአጥንት ጋር የሚያጣብቅ ነገር፣ ወደ ገበያ ገብቶ ነበር፤ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት ከቀድሞዎቹ ያነሰ፣ የሚለቀውም ኬሚካል የቀነሰ ስለሆነ የተሻለ ነው ተብሎ ነበር። እዚህ በ30 ዳሌዎች ላይ ብቻ በዕጣ የተደረገ ጥናት፣ በእነዚሁ የታንታለም ፍሬዎች ተለክቶ፣ በአዲሱ ሲሚንቶ የተጣበቁት ከቀድሞው ይበልጥ እንደሚንሸራተቱ አሳየ። የተቀየሩ መገጣጠሚያዎች የሚመዘገቡበት የኖርዌይ መዝገብም በቦንሎክ የተሠሩት ቶሎ ቶሎ ዳግም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው አስታወቀ፤ ሲሚንቶው በ1995 ከገበያ ወጣ። እኔን ያስፈራኝ እንግዲህ የተገላቢጦሹ ነበር ማለት ነው። በጥናት ውስጥ ያሉት 30 ዳሌዎች በየጊዜው ሲለኩ ነበር፤ ያለ ጥናት ሲሚንቶው የገባላቸው ሰዎች ግን ማንም በዚያ ልክ አይከታተላቸውም ነበር። የሞከሩትስ እነማን ላይ ነው?

ሆኖም ጥናት ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም። ከመፈረሜ በፊት ለምርምር ነርሷ ያቀረብኳቸው ጥያቄዎች ነበሩ፤ ጥናት ውስጥ እንዲገባ ለሚጠየቅ ሰው ሁሉ እነሱን እመክራለሁ። መጀመሪያ፣ በጥናቱ ባልገባ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱ ያው ቀዶ ሕክምና፣ ያው ሐኪም፣ ያው ወረፋ ነበር። ወረፋው በጥናቱ ምክንያት ያጥርልሻል ቢሉኝ ኖሮ ይበልጥ እጠራጠር ነበር። ቀጥሎ፣ በእኔ ላይ የሚጨመረው ምንድን ነው አልኩ፤ የጤፍ ፍሬዎቹ፣ ጥቂት ተጨማሪ የራጅ ጨረርና በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቂት ጉዞዎች። ገንዘቡን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያሳፍር ቢመስልም ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ዕቃውን የሚሸጠው ድርጅት ከፊሉን ቢረዳ ጥናቱ የግድ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ግን በቅጹ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ውጤቱ መጥፎ ቢሆን የመታተሙ ውሳኔ በማን እጅ እንደሆነም መታወቅ አለበት። በመጨረሻም ጥናቱን አቋርጬ ብወጣ ምን ይደርስብኛል አልኩ። በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳልሰጥ መውጣት እንደምችልና ሕክምናዬ እንደማይጓደል በቅጹ ላይም በቃልም አረጋገጡልኝ። በአራተኛው ሳምንት ፈረምኩ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ የምለው አጭር ነው፤ ምክንያቱም የተሠራው ጀርባዬ ላይ በተወጋ ማደንዘዣ ከወገቤ በታች ደንዝዤ ስለሆነ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁት የመዶሻና የመጋዝ ድምፅ ደግሞ የአናጢ ቤት ይመስል ነበር። ይልቅ ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት ይነገር። ጥርሴ እንዲመረመር ታዝዤ አንድ የተበላሸ ስለተገኘ ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሳምንት ተራዘመ፤ በአፍ ውስጥ ያለ ኢንፌክሽን በደም አድርጎ አዲሱን መገጣጠሚያ ሊያገኘው ይችላል። በዋዜማውና በጠዋቱ በተህዋስ ገዳይ ሳሙና ገላዬን ታጠብኩ። የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን የሚያጋጥመው ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ብቻ ቢሆንም የደረሰበት ሰው ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናና ለወራት የሚዘልቅ መድኃኒት ስለሚጠብቀው፣ ዝግጅቱን ማንም እንደ ቀላል እንዳያየው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በክራንች ቆምኩ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ደም እንዳይረጋብኝ መድኃኒት ለሳምንታት ወሰድኩ።

ያልጠበቅሁት ነገርም ነበር። ግራ እግሬ ከቀኙ በጥቂት ሚሊሜትር ረዘመ፤ በጫማዬ ውስጥ ትንሽ ንጣፍ አስገብቼ ለምጄዋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ወገቤን አሞኝ አማርሬ ነበር። በቅጹ ላይ ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁም፤ ያነበብኩት ግን ለሌላ ሰው እንደተጻፈ አድርጌ ነው።

ለእኛ ሰዎች ከሁሉ የከበደው ክልከላው ይመስለኛል። ከኋላ በኩል የተከፈተ ዳሌ እስኪያገግም ድረስ ከቦታው እንዳይወጣ ለሦስት ወር ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳላጥፈው፣ እግሬን እንዳላጠላልፍ፣ እግሬን ወደ ውስጥ እንዳላዞር ተነገረኝ። ይህንን የሚሰጠው ወረቀት ስለ ሶፋና ስለ መኪና ወንበር በዝርዝር ይናገራል፤ ስለ በርጩማ ግን አንዲት ቃል የለውም። ቡና ለማፍላት ረከቦቱ ፊት በርጩማ ላይ መቀመጥ ከ90 ዲግሪ እጅግ ያለፈ መታጠፍ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ከፍ ካለ ወንበር ሆኜ አፈላሁ፤ ጎረቤቶቼም ቡናው ራሱ የተለወጠ ይመስል አኮረፉ። ሁለተኛው ስግደት ነው። የቀዶ ሕክምናዬ ማገገሚያ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ቢያልቅም ወድቆ መነሣቱን ፈርቼው ነበር፤ የንስሐ አባቴ ወንበር ላይ ሆኜ በአንገቴ እንድሰግድ ፈቀዱልኝ። ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስግደት ምን እንደሆነ ምንጣፍ ላይ ወርጄ ባሳየኋት ጊዜ ደነገጠች፤ ቆይታ ግን በደረጃ እንዴት እንደምለማመደው ፕሮግራም አወጣችልኝ። በቅርብ ዓመታት ክልከላ የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን ያነጻጸሩ ጥናቶች በዳሌ መውለቅ ላይ ግልጽ ልዩነት ስላላገኙ ብዙ ሆስፒታሎች ሕጉን አላልተዋል፤ ሆኖም እነዚያ ጥናቶች ውስጥ ከተመዘገቡት ስንቶቹ በርጩማ ላይ እንደሚቀመጡ፣ ስንቶቹ መሬት ድረስ እንደሚሰግዱ፣ ስንቶቹ ቁጢጥ ብለው እንደሚጸዳዱ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ባይጠይቃችሁም የምትኖሩበትን አኗኗር ራሳችሁ ንገሩት።

በክትትሉ ጊዜ የተደረገልኝ ነገር ብዙ አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት፣ በሦስት ወር፣ በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት በሁለቱ የራጅ መሣሪያዎች መካከል ተኛሁ፤ እያንዳንዱ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ከጥናቱ ውጭ ደግሞ በስዊድን ዳሌው የተቀየረ ሰው ሁሉ የሚሞላው መጠይቅ አለ። ይህች አገር የጉልበት ቅየራን ከ1975፣ የዳሌን ደግሞ ከ1979 ጀምሮ በብሔራዊ መዝገብ ይዛለች፤ ሁለቱ መዝገቦች በ2020 ተዋህደዋል። ምን ዓይነት ዕቃ፣ በማን፣ መቼ እንደገባ፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት እንደሆነ ይጻፋል። መጠይቁም ስለ ሕመም፣ ስለ መራመድ፣ በውጤቱ ስለ መርካት ይጠይቃል። አብዛኞቻችን እንዲህ ያለ ፖስታ ሲመጣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር እንጥለዋለን። አትጣሉት። ትልቅ ኳስ ያላቸው ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከሩ ዳሌዎች በዓለም ዙሪያ ሲተከሉ ቆይተው፣ አንዱ ዓይነት በ2010 ከገበያ ሲሰበሰብ 93,000 ያህል ሰዎች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ቀድሞ የጠቆሙትም የአውስትራሊያና የእንግሊዝ መዝገቦች ናቸው። መዝገብ ማለት እንግዲህ ታማሚው የሞላው ወረቀት ድምር ነው።

ቁጥሮችን ስታነቡም ጥንቃቄ አድርጉ። በ2019 የታተመ፣ የአውስትራሊያንና የፊንላንድን መዝገብ ያካተተ ጥናት ከዳሌ ቅየራዎች 58 ከመቶ ያህሉ፣ ከሙሉ የጉልበት ቅየራዎች ደግሞ 82 ከመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «የዳሌው ደካማ ነዋ!» ብሎ ነበር። ነገር ግን 25 ዓመት የሞላቸው ዳሌዎች የተሠሩት በጨረር ከጠነከረው ፕላስቲክ በፊት በነበረው ዕቃ ነው። በሌላ በኩል ዕቃው በቦታው መቆየቱ ሰውየው ደስተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ከጉልበት ቅየራ በኋላ ከ10 እስከ 20 ከመቶ የሚሆኑት ሰዎች በውጤቱ እንደማይረኩ በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ በዳሌ በኩል ቅሬታው ያነሰ ነው።

ከሚደውሉልኝ ሰዎች እኩሌታ ያህሉ የጉልበት ታማሚዎች ስለሆኑ ስለ እነሱም ልናገር። ብዙዎቹ የሚጠይቁት «በካሜራ ገብተው ቢያጸዱልኝስ?» የሚለውን ነው። በዚህ ላይ የተደረገው ጥናት በቀዶ ሕክምና ምርምር ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ነው። በአሜሪካ በሂውስተን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል 180 የጉልበት አርትራይተስ (መሸርሸር) ታማሚዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ጉልበቱ በካሜራ ተከፍቶ የተሸረሸረው ተፋቀለት፣ ሁለተኛው ታጠበለት፣ ሦስተኛው ግን ቆዳው ብቻ ተሰንጥቆ ተሰፋ። ማን የትኛው እንደደረሰው ታማሚዎቹ አያውቁም። በ2002 በታተመው ውጤት በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ የተሠራላቸው ካልተሠራላቸው በሕመምም በእንቅስቃሴም አልተሻሉም። በ2013 ደግሞ ፊንላንዶች በዕድሜ ምክንያት ሜኒስከሳቸው (በጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንት) በተቀደደና አርትራይተስ በሌለባቸው 146 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ አድርገው ተመሳሳይ አገኙ። ይህ በአደጋ ተጎድቶ ጉልበቱ ለተቆለፈበት ወጣት አይሠራም፤ እንደ እኔ ላለው የስድሳ ዓመት ሰው ግን «ማጽዳት» ላይ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊያስብበት ይገባል።

ሙሉ ቅየራንም በተመለከተ በ2015 የታተመ የዴንማርክ ጥናት አለ፤ ሁሉም ለቅየራ የደረሱ 100 ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ሆነው፣ ግማሾቹ ተቀይሮላቸው ከዚያ ልምምድ ሲሠሩ፣ ግማሾቹ ልምምድ፣ ትምህርት፣ ክብደት መቀነስና መድኃኒት ብቻ አገኙ። በዓመቱ የተቀየረላቸው በግልጽ ይበልጥ ተሽሏቸዋል። ከባድ ችግርም በእነሱ ላይ በዝቷል፤ 24 በእነሱ፣ 6 በሌሎቹ። ካልተቀየረላቸው ሃምሳ ሰዎች ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት 13 ብቻ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ለእህቴ ስነግራት «እንግዲህ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሕመሙ እንቅልፍ ለነሣው ሰውና ደረጃ ሲወጣ ብቻ ለሚሰማው ሰው መልሱ አንድ አይሆንም።

በአገራችንም በአዲስ አበባ ዳሌና ጉልበት የሚቀይሩ የአጥንት ሐኪሞች አሉ፤ ዕቃው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ለብዙው ሰው ዋጋው ከአቅም በላይ ነው፤ አንዳንዱም ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ይሄዳል። ማላዊ ከ2005 ጀምሮ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገብ እንዳቋቋመች ሳነብ ቀናሁ። መዝገብ በሌለበት ቦታ የሚታከም ሰው መዝገቡን ራሱ መያዝ አለበት። እያንዳንዱ የዳሌና የጉልበት ዕቃ በማሸጊያው ላይ ስሙ፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት አለው፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ወዲህ ለታማሚው ካርድ መስጠት ግዴታ ነው፤ በሌላው ቦታ ግን ካልተጠየቀ ላይሰጥ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፣ ከወጣችሁም በኋላ ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለልጆቻችሁ ላኩላቸው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ዳግም ቢከፈት፣ ሐኪሙ የሚያስፈልገውን መሣሪያና መለዋወጫ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ከዚያ ወረቀት ነው።

የእኔ ካርድ በቦርሳዬ ውስጥ ከመታወቂያዬ ጋር ነው። ሁለቱ ዓመት ካለቀ በኋላ በዕጣ የደረሰኝ የትኛው እንደሆነ እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በደብዳቤ መለሱልኝ። ቫይታሚን ኢ የሌለው ነው። ጽዋዬም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።